የአርሊንግተን ሮው ቤቶች፦ ጣሪያውን ሳያዩ ቤቱን አየሁ አይባልም

ክዳን ሠሪው (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን የባይብሪን ፎቶ ለጥፎ «ይሄ የድሮ ቤት ምኑ ነው ሰውን ከቻይና ድረስ የሚያስመጣው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ሦስት ሰው ልብ ሰጠውና ጥያቄው ሳይመለስ ወደ ታች ወረደ። እኔ እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ኮትስወልድስ በሚባለው የእንግሊዝ ኮረብታማ አካባቢ የድንጋይ ጣሪያ ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። ዛሬ ዝናብ ሥራ አስፈትቶናል፤ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ባይብሪ ግሎስተርሺር ውስጥ ያለች መንደር ናት። ከሳይረንሴስተር ከተማ በመኪና ሩብ ሰዓት ብትነዱ ነው። ኮልን የሚባል ንጹህ ወንዝ በመሃል ያልፋል፤ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ዓሣውን አንድ በአንድ መቁጠር ትችላላችሁ። ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱን ተደግፈው አንድ ላይ የተጣበቁ ቤቶች በረድፍ ቆመዋል። አርሊንግተን ሮው የሚባሉት እነሱ ናቸው።

እስቲ ፎቶውን ደግማችሁ እዩት። በሩንና አበባውን ለጊዜው ተዉት። ጣሪያውን እዩ። ከግድግዳው ይልቅ ጣሪያው ይበልጣል አይደል? ግድግዳው አጠር ብሎ ጣሪያው ሽቅብ ይመዘዛል። ሰው ሲያየው «እንዴት ያምራል» ይላል። ግን ለማማር ብሎ እንደዚያ ያደረገው ማንም የለም። ድንጋዩ ነው ያስገደደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አካባቢው ሁሉ ቢጫ የኖራ ድንጋይ ነው። ብትቆፍር እሱ ነው የሚወጣው። ግድግዳውም ክዳኑም ከእሱ ነው። የክዳኑ ድንጋይ ስስ ሆኖ የሚሰነጠቅ ዓይነት ነው፤ ግን ውሃ ይመጥጣል። ተዳፋቱ ለዘብ ያለ ቢሆን ዝናቡ ላዩ ላይ ይተኛና ይጠጣዋል፣ ክረምት ላይ ውርጭ ይመታዋል፣ ድንጋዩ ቅርፊት በቅርፊት ይላጣል። ስለዚህ ውሃው ቶሎ እንዲወርድ ጣሪያው ቀጥ ማለት አለበት። ሃምሳ ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ብዙ ነው። ቀጥ ሲል ይረዝማል። ያ በፎቶ ላይ የምታዩት ረጅም ጣሪያ የዝናብ ሒሳብ ነው።

ክብደቱን ደግሞ አስቡት። አሥር ካሬ ሜትር የድንጋይ ክዳን አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። እንዲህ ያለውን የሚሸከመው ግድግዳ ወፍራም መሆን አለበት፤ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ። ወፍራም ግድግዳ ላይ ትልቅ መስኮት አይከፈትም። ትንንሾቹ መስኮቶች ከዚያ መጡ። አያችሁ? አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የመጣው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያየውን ላሳያችሁ። የታችኛውን ረድፍ ድንጋይና የላይኛውን አስተያዩ። እክፈፉ ላይ ያለው ትልቅ ነው፣ የክንድ ርዝመት የሚያህል። ወደ ላይ ስትሄዱ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄድና አናቱ ላይ የመዳፍ ያህል ይሆናል። ምክንያት አለው። ጣሪያው ላይ የወረደው ውሃ ሁሉ የሚጠራቀመው ታች ነው። እዚያ መጋጠሚያው ጥቂት፣ መደራረቡ ረጅም እንዲሆን ትልልቁ ድንጋይ ይደረጋል። ከባዱም ለግድግዳው ቅርብ ሆኖ ያርፋል። ላይ ያለው ትንሽ ውሃ ብቻ ስለሚያልፍበት በትንንሹ ይበቃል። ደግሞም ትንሹን ድንጋይ አይጥሉትም ማለት ነው። ከጉድጓድ የወጣ ሁሉ ቦታ ያገኛል።

መጀመሪያ ሥራ ስገባ ሽማግሌው አለቃዬ አንድ የክዳን ድንጋይ በሁለት ጣት አንጠልጥሎ በመዶሻው ጀርባ ኳ አደረገው። ድንጋዩ እንደ ቃጭል ጮኸ። ሌላ አነሳና መታው፤ ድምፁ ዱብ ብሎ ሞተ። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ነበረበት። «የሚጮኸው ከአንተ ዕድሜ በላይ ይኖራል፤ ዝም ያለውን ለአትክልት መንገድ አድርገው» አለኝ። እስከ ዛሬ አንድም ድንጋይ ሳልመታ ወደ መወጣጫው አላወጣም።

ጥያቄ ካላችሁ ጣሉ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ቤቲ ስዊንደን

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔኮ ይሄን ሥዕል የት ነው የማውቀው እያልኩ ስጨነቅ ነበር። አሮጌው ፓስፖርቴ ላይ ነው! ዜግነት ያገኘሁ ጊዜ የተሰጠኝ ላይ። ያን ቀን ባለቤቴ «ይሄ ደግሞ የማን መንደር ነው» ብሎኝ ነበር፤ የሚመልስለት አልነበረም። ከቤታችን አርባ ደቂቃ መሆኑን አላወቅንም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሸማኔዎች ይኖሩበት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። አያቴ ሸማኔ ስለነበሩ ልቤ እዚያ ላይ ቀረ። እውነት ነው? እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የሽመና ዕቃው እንዴት ገባ?

ክዳን ሠሪው

ቤቲ እውነት ነው። ግን ታሪኩ ከሸማኔዎቹ በፊት ይጀምራል።

ይሄ ሕንፃ ቤት ሆኖ አልተሠራም። በ1380 ገደማ ሲሠራ የሱፍ መጋዘን ነበር። መንደሩ በዚያ ዘመን ኦክስፎርድ አጠገብ የነበረው የኦዝኒ ገዳም ይዞታ ነበር። በጎቹ የገዳሙ፣ ሱፉም የገዳሙ። የኮትስወልድስ በግ ጠጉሩ ረጅም ስለነበር የአውሮፓ ነጋዴ ይሻማበት ነበር። ያኔ የእንግሊዝ ሀብት ሱፍ ነው። እስከ ዛሬ የጌቶች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የሚቀመጡት ሱፍ የተሞላ ቀይ መቀመጫ ላይ ነው፤ ልማዱ ከዚያው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው።

መጋዘን መሆኑን ካወቅሽ በኋላ ቅርጹ ይገባሻል። ረጅም፣ ጠባብ፣ ያለ ክፍልፋይ አንድ ቤት። ሱፍ ለመከመር የሚሆን።

ገዳሙ በሄንሪ 8ኛ ጊዜ፣ በ1539፣ ከነንብረቱ ለንጉሡ ተላለፈ። ከዚያ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጋዘኑን በግድግዳ ከፋፍለው የሸማኔ ቤቶች አደረጉት። ቤት ለመሆን ሦስት ነገር ጎደለው፦ እሳት፣ ፎቅ፣ ብርሃን። ለእሳቱ ጭስ ማውጫ ገነቡ። ለፎቁ ግማሽ ቁመት ላይ የእንጨት ወለል ዘረጉ። ብርሃኑ ነው ያስቸገረው፤ ምክንያቱም የላይኛው ወለል ያረፈው ጣሪያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ጣሪያውን እየሰበሩ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ፊት አወጡና መስኮት ከፈቱበት። ያ በየቤቱ ላይ እንደ ቆብ ሹል ብሎ የሚታየው እሱ ነው። ለዚህም ነው አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለው። አንድ ሰው በአንድ ቀን የነደፈው አይደለም። እያንዳንዱ ብርሃን በፈለገበት በኩል ነው የተከፈተው።

የሽመና ዕቃው እንደ አያትሽ ዕቃ ከእንጨት የተገጣጠመ ስለሆነ ፈታተው ነው የሚያስገቡት። ጨርቁ ሲያልቅ ደግሞ ወደ አርሊንግተን ወፍጮ ይሄዳል። ከቤቶቹ ፊት ለፊት ውሃ የከበበው ለምለም ሜዳ አለ፤ ራክ አይል ይሉታል። ወፍጮው ከሜዳው ማዶ ነው። እዚያ ውሃ የሚያንቀሳቅሳቸው የእንጨት መዶሻዎች ጨርቁን እየደበደቡ ቅባቱን ያወጡለታል፣ ያጠነክሩታል። ከዚያ ሜዳው ላይ በእንጨት ማስጫ ወጥረው ያደርቁታል። የሜዳው ስም የመጣው ከማስጫው ነው፤ «ራክ» ማለት ማስጫ ነው። ዛሬ እዚያ ሰው አይገባም፤ ለወፍና ለውሃ ተክል ተትቷል። ቤቶቹን፣ ሜዳውንና ወፍጮውን በአንድ ዓይን ካየሽ አንድ ፋብሪካ ነበር ማለት ነው።

ጡረተኛው መሐንዲስ

ልጄ፣ ጽሑፍህ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ግንባታ ላይ ነበርኩ። ሁለት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ ያን የሚያህል ክብደት በዚያ ተዳፋት ላይ ሲቀመጥ ግድግዳውን ወደ ውጭ መግፋት አለበት። ስድስት መቶ ዓመት እንዴት ቻለው? ሁለተኛ፣ ሲታደስ በሲሚንቶ ቢጠናከር ምን ችግር አለው?

ክዳን ሠሪው

ጋሼ፣ እርስዎ የጠየቁት ትልቁን ጥያቄ ነው።

ስለ መግፋቱ፦ የድሮዎቹ አናጢዎች ብልሃት ነበራቸው። ጎባጣ የኦክ ዛፍ ይመርጡና ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይሰነጥቁታል። አንድ ዓይነት ጉብጠት ያላቸው ሁለት ምሰሶዎች ይወጣሉ። እግራቸውን ለያይተው አናታቸውን ያገናኟቸዋል፤ በአግድም እንጨት ያስሯቸዋል። ጸሎት ላይ ያለ ሰው ሁለት እጁን እንደሚያገናኘው በሉት። ጣሪያው የሚያርፈው እነዚህ ላይ ነው፤ ክብደቱ በጉብጠቱ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ግድግዳው ብቻውን አይሸከምም። አርሊንግተን ሮው ውስጥ ከመጋዘኑ ዘመን የቀሩ እንደነዚህ ያሉ እንጨቶች እስካሁን አሉ። ከዚያ ላይ ወራጁ፣ ከወራጁ ላይ ማገሩ፣ ማገሩ ላይ ድንጋዩ። እያንዳንዱ ድንጋይ አናቱ ላይ አንድ ቀዳዳ አለው፤ በእሷ የኦክ ችንካር ይገባና ማገሩ ላይ ይንጠለጠላል። ሚስማር የለም። ከስር በኩል ደግሞ ነፋስና በረዶ እንዳይገባ ኖራን ከከብት ጠጉር ጋር ለውሰው ይለስኑታል።

ስለ ሲሚንቶው፦ ይህን በእጄ ያየሁት ስለሆነ ልንገርዎ። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ሌላ መንደር ውስጥ ያለ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ጣሪያ ልንሠራ ሄድን። ከእኛ በፊት የገባ ሰው የግድግዳውን መጋጠሚያ ሁሉ በሲሚንቶ ሞልቶት ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ቀረብ ስንል መጋጠሚያው ደህና ቆሞ ድንጋዩ ራሱ ተበልቷል። እንደ ዳቦ ይፈረፈራል፤ ጣቴን አስገብቼ ጠረግሁት። ምክንያቱ ቀላል ነው። የድሮ ግድግዳ ውሃ ያስገባል፣ መልሶ ያስወጣል። መውጫው በኖራው በኩል ነው፤ ኖራ ከድንጋዩ የለሰለሰ ነው፤ ማለቅ ካለበትም ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው፣ በየትውልዱ ይቀየራል። ሲሚንቶ ሲገባ መውጫው ይዘጋል። ውሃው በድንጋዩ በኩል መውጣት ይጀምራል። ክረምት ሲመጣ እዚያው ይቀዘቅዛል፣ ያብጣል፣ ድንጋዩን ይገፋዋል። የቤቱ እመቤት አሮጊት ነበሩ፤ ለዚያ ሥራ የከፈሉትን ገንዘብ ሲነግሩን ማልቀስ ብቻ ነበር የቀራቸው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆመ ድንጋይ በሃያ ዓመት ተበላ።

አርሊንግተን ሮው ላይ ግን ይህን ማንም ማድረግ አይችልም። ሕንፃዎቹ በእንግሊዝ የቅርስ መዝገብ አንደኛ ደረጃ ናቸው። ከተመዘገቡት ሁሉ እዚያ ደረጃ ላይ ያለው ከመቶ ሁለት ተኩል ያህሉ ብቻ ነው። ውስጡንም ውጩንም ያለ ፈቃድ መቀየር ወንጀል ነው።

ጡረተኛው መሐንዲስ

ገባኝ። እኛ ስንማር የጠነከረ ሁሉ የተሻለ ነው ብለው ነበር ያስተማሩን። ኖራው ለድንጋዩ ቀድሞ ይሞትለታል ማለት ነው። ይህን ለልጅ ልጄ አነብለታለሁ፤ እሱም አርክቴክቸር ነው የሚያጠናው።

የብሪስቶሉ ልጅ

ሰላም። ከእኛ ታሪክ ጋር የሚነካካ ነገር ስላለ ልጨምር። ግርማዊ ጃንሆይ በስደት ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት ፌርፊልድ ቤት ባዝ ከተማ ውስጥ ነው ያለው። በኋላ ለከተማዋ ሰጥተውታል። ለእኛ ለብሪስቶል ሰዎች ቅርባችን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ያም ቤት ቢጫ ድንጋይ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ወርቅ ይመስላል። ግን ከባይብሪ ቤቶች ጋር በፍጹም አይመሳሰልም። ግድግዳው ለስላሳ፣ መስኮቱ ትልልቅ፣ ሁሉም ነገር ቀጥ ያለ። ድንጋዩ አንድ ነው ወይስ ሌላ?

ክዳን ሠሪው

ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም በዲኖሰር ዘመን ሞቃት ባሕር ስር የተጋገሩ የኖራ ድንጋዮች ናቸው። ቀረብ ብለህ ብታይ የዓሣ ዕንቁላል የመሳሰሉ ጥቃቅን ክብ ፍሬዎች ተጣብቀው ታገኛለህ። ቢጫው ቀለም የብረት ዝገት ነው።

ልዩነቱ የባዙ ድንጋይ ከመሬት ውስጥ ትልቅ ሆኖ ይወጣል፣ በመጋዝ ይቆረጣል፤ በየትኛውም በኩል ልትጠርበው ትችላለህ። ስለዚህ እንደ ፌርፊልድ ያለ የጣሊያን አምሳያ ቤት ይሠራበታል። መሐንዲሱ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ይነድፋል፣ ድንጋዩ ይታዘዛል። ባይብሪ ላይ ደግሞ ግንበኛው ከጉድጓዱ የወጣውን እንዳለ ይደረድራል። ሁለት ፊት ያቆማል፣ መሃሉን በስብርባሪና በኖራ ይሞላል፣ አልፎ አልፎ ረጅም ድንጋይ አቋርጦ ሁለቱን ፊት ያስራል። ጥርብ ድንጋይ የምታገኘው ማዕዘኑ ላይና መስኮቱ ዙሪያ ብቻ ነው። እዚያ ነው ገንዘብ የሚወጣው።

ሹፌሯ

እኔ ከለንደን ቱሪስት በሚኒባስ ይዤ ባይብሪ እመላለሳለሁ። ስለ ቤቶቹ ውበት ተጽፏል፤ እኔ ስለሚኖሩበት ሰዎች ልጻፍ።

እባካችሁ፣ ሰው ይኖርበታል። ተከራዮች አሉ። እንግዶቼ መስኮት ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ወደ ውስጥ ሲያዩ አይቼ አፍሬያለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት ልብስ ልታሰጣ ብትወጣ ሃያ ሰው ካሜራ አነሳባት። ዝም ብላ ተመለሰች። መንደሯ ስድስት መቶ ሰው ገደማ ብቻ ነው ያለባት፤ መንገዱ ጠባብ፤ ትልልቁ አውቶቡስ ሲመጣ መተላለፊያ የለም። ጥቂት ዓመት ሆነው፣ አንድ ሽማግሌ ቢጫ መኪናቸውን እቤታቸው በር ላይ ስላቆሙ «ፎቶ አበላሸ» ተብሎ ኢንተርኔት ላይ ተሰደቡ። በኋላ መኪናውን ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ሰባበረው። በ2017 ከመላ አገሩ ቢጫ መኪና ያላቸው ሰዎች ተሰባስበው በመንደሯ በሰልፍ ነዱላቸው። ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይሞቃል።

አዲስ ገቢ

እኔ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ይሄኮ የድሆች ቤት ነበር። ሸማኔው ከልጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ በጭስ፣ በእርጥበት ነው የኖረው። አሁን ሀብታም ቱሪስት መጥቶ «እንዴት ያምራል» ይላል። የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም? ሹፌሯም እንዳለችው ሰዎቹን ወደ ሌላ ቤት አዛውሮ ሙዚየም ማድረግ አይሻልም?

ሹፌሯ

ወንድሜ፣ እንደዚያ አላልኩም። ሰዎቹ ይውጡ አላልኩም፤ እንግዳው ይታረም ነው ያልኩት። ምሽት ላይ አውቶቡሱ ሁሉ ከሄደ በኋላ እዚያ ቆሜ አውቃለሁ። አንዱ ቤት መብራት በራ፣ ከጭስ ማውጫው ጭስ ወጣ፣ የሽንኩርት ሽታ መጣ። ያ ነው ቤት የሚያደርገው። የተቆለፈማ ቢሆን የምመጣው አንዴ ብቻ ነበር።

ክዳን ሠሪው

አዲስ ገቢ ያነሳው ነገር እውነት አለበት፤ ችላ ማለት አልፈልግም። ድሃ ነበሩ። እንዲያውም ቤቶቹ ዛሬ ድረስ የቆዩት በድህነት ምክንያት ነው።

ሱፉ የኮትስወልድስን ነጋዴዎች አበልጽጓል። ኖርዝሊች ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ የሱፍ ነጋዴዎች መቃብር ላይ በናስ የተቀረጸ ምስላቸው አለ፤ እግራቸው ስር በግና የሱፍ ከረጢት። በኋላ ግን የእንፋሎት ሞተር መጣ። ሽመናው ከሰል ወዳለበት ወደ ዮርክሺር ሄደ። እዚህ ሥራ ቆመ። ገንዘብ ያለበት አገር የድሮውን አፍርሶ አዲስ ይሠራል። እዚህ ግን ማፍረሻም አልነበረም። ቤቱ እንዳለ ቆየ፣ ጣሪያው እየተጣፈ።

በ1871 ዊልያም ሞሪስ የሚባል ገጣሚና የእጅ ጥበብ ሰው ወደ አካባቢው መጥቶ ኬልምስኮት ላይ ቤት ተከራየ። ባይብሪን ከእንግሊዝ መንደሮች ሁሉ ውቢቱ ናት ያላት እሱ ነው ይባላል። ከዚያ የሚበልጥ ግን ያደረገው ነገር አለ። በ1876 እዚሁ ቅርብ በርፈርድ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ «ሲታደስ» የድሮው ሥራ ተፍቆ ሲወጣ አየና ተቆጣ። በሚቀጥለው ዓመት ከአርክቴክቱ ፊሊፕ ዌብ ጋር የጥንት ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን መሠረተ። የማኅበሩ ትምህርት አጭር ነው፦ አታስመስል፣ ጠግን። እኔም ሥራዬን የተማርኩት በዚያ መንገድ ነው።

አሜሪካዊው የመኪና አምራች ሄንሪ ፎርድ አርሊንግተን ሮውን ገዝቶ ወደ ሚሺጋን ሊወስደው ፈልጎ ነበር ይባላል። አልሆነለትም። ግን በ1930 አካባቢ ቼድዎርዝ ከምትባል ጎረቤት መንደር አንድ ሙሉ ቤት ገዝቶ፣ ድንጋዩን ፈትቶ፣ በመርከብ ጭኖ ወስዷል። ዛሬም ሚሺጋን፣ ዲርቦርን ከተማ ውስጥ ቆሞ ይታያል። አርሊንግተን ሮውን በ1949 ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ተረከበው፤ እስከ ዛሬ በእጁ ነው።

ሙዚየም ስለማድረጉ፦ እሳት የማይነድበት የድንጋይ ቤት ቶሎ ይበሰብሳል። ሰው መስኮት ይከፍታል፣ ያሞቃል፣ አንዲት ጠብታ ስትፈስ ያያል። እኛ ጣሪያ ላይ የምንጠራው ሰው ስላለበት ነው።

አዲስ ገቢ

የመጨረሻው ነጥብ አሳመነኝ። ስለ ድህነቱ ግን የሚነገር ነገር ይጨመርበት፤ ለቱሪስቱም።

ቤቲ ስዊንደን

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ድንጋዩ ሲሰበር አዲስ ከየት ታመጣላችሁ?

ክዳን ሠሪው

የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በዚህ ሙያ ስሙ የገነነው መንደር ኦክስፎርድሺር ያለው ስቶንስፊልድ ነው። ድሮ እዚያ ድንጋዩን በመከር ቆፍረው ያወጡትና በሜዳ ላይ ይደረድሩታል። እንዳይደርቅ ውሃ ያጠጡታል። ከዚያ ውርጩን ይጠብቃሉ። ሌሊት ውርጭ ሲመጣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወላል፤ መንደሩ ሁሉ ከአልጋው ተነስቶ ድንጋዩን ውሃ ሊያጠጣ ይወጣል። ውሃው ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ድንጋዩ በየስሱ ይሰነጠቃል። ቀሪው የመዶሻ ሥራ ነው። ልብ በሉ፣ ከላይ ጠላት ያልኩት ውርጭ እዚህ ሠራተኛ ነው።

ያ ሥራ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቆመ። ዛሬ አዲስ የክዳን ድንጋይ የሚያወጡ ቦታዎች ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ከፈረሰ ጎተራ የተገኘ አሮጌ ድንጋይ ነው። አንዱን ለማዳን ሌላው ይገፈፋል። ሌባም አለ፤ በሌሊት የጎተራ ጣሪያ ገፎ የሚሄድ። በሲሚንቶ የተቀረጸ አስመሳይም ይሸጣል፤ ግን ሁሉም እኩል ስለሆነ ዓይን ወዲያው ይለየዋል፣ የድንጋይ ሽበትም በቶሎ አይበቅልበትም።

የድሮዎቹ ሠሪዎች ለእያንዳንዱ ርዝመት ስም ነበራቸው። የአናቶቹ ትንንሾች «ኮክ»፣ መሃል አካባቢ ያሉት «ባችለር»፣ ማለትም ላጤ። በሜትር አይለኩም፤ ምልክት የተቀረጸበት በትር አለ። የአለቃዬ በትር የአባቱ ነበር፤ ምልክቶቹ በእጅ ብዛት ተሽተው ሊጠፉ ደርሰዋል። እሱ ግን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ ያነብበዋል።

ቤቲ ስዊንደን

ትናንት ሄድን! እሑድ በጠዋት፣ ሹፌሯ ያለችውን አስበን አውቶቡሶቹ ሳይመጡ። ዝናብ ካፊያ ነበር። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ድልድዩ ላይ ቆማ የጣሪያውን ረድፍ ከታች ወደ ላይ ቆጠረች። ሃያ ላይ ስትደርስ «እማዬ፣ ድንጋዮቹ እየሕፃኑ ሄዱ» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስለ አያቴ ነገርኳት። ከሜዳው ዳር ቆመን ጨርቁ የት የት ይሰጣ እንደነበር ገመትን።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የመስኮቱ ሹል ቆብ ከትልቁ ጣሪያ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ወይም ቆርቆሮ ይኖራል ብዬ ነበር። የለም። ድንጋዮቹ እንደ ጨርቅ ታጥፈው ነው የሚዞሩት። ድንጋይ እንዴት ይታጠፋል?

ክዳን ሠሪው

ልጅሽን ሳሚልኝ፤ በትክክል ነው ያየችው። አንቺም እኔን ስድስት ዓመት ያስለፋኝን ቦታ ነው ያየሽው።

ድንጋዩ አይታጠፍም። ሁለቱ ተዳፋት የሚገናኙበትን ሸለቆ መጀመሪያ በሰፊ እንጨት ለዘብ እናደርገዋለን፤ ሹል ማዕዘን እንዳይኖር። ከዚያ ለዚያ ቦታ ብቻ የሚሆኑ ድንጋዮች እንመርጣለን። ታቻቸው ሰፋ፣ ላያቸው ጠበብ ያለ፤ እንደ ነጠላ ጥለት ዘርጋ እንደሚል። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በትንሹ ዘወር ይላል። አንዱን ረድፍ ስትጨርሺ የሚቀጥለው መጋጠሚያውን እንዲሸፍን ይጠበቅብሻል፤ ካልሸፈነ ሁሉንም ታወርጃለሽ። እርሳስ የለበትም፣ ቆርቆሮ የለበትም። ውሃው ራሱ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተቀባበለ ይወርዳል።

የመጀመሪያዬን ስጨርስ አለቃዬ ምንም አላለም። ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዞ ወጣ፣ ከላይ አፈሰሰው፣ ወደ ታች ወርዶ ከስር ጣሪያው ውስጥ ገባ። እጁን ማገሩ ላይ አሳለፈና አሳየኝ። ደረቅ ነበር።